ከባሕር ወለል በላይ

ነገሩ ከመለወጡ በፊት ሁኔታው ይህን ይመስል ነበር። ዓመቱ 1994 ዓ.ም.፣ ወሩ የካቲት። ሀርጌሳ፣ 26 ጁን ሰፈር ያለው ኮሌጅ ጣሪያው አዲስ ቆርቆሮ ነው፤ በግድግዳው ላይ የነበሩት የጥይት ቀዳዳዎች በሲሚንቶ ተደፍነዋል። በፊዚካል ኬሚስትሪ ክፍል ስምንት ጠረጴዛ፣ አሥራ አራት ተማሪ። በስድስቱ ጠረጴዛዎች ሁለት ሁለት ሰው ተቀምጧል። በመስኮቱ በኩል ብሩክታይት ብቻዋን፣ በበሩ በኩል አቦኮር ብቻውን።

ብሩክታይት ሃያ አንድ ዓመቷ ነው። እናቷ ካረፉ በኋላ፣ አባቷ አቶ ወልደማርያም ብቻቸውን እንዳይሆኑ ብላ የአዲስ አበባ ትምህርቷን አቋርጣ ተከትላቸው መጣች። እሳቸው አየር ማረፊያ ይሠራሉ፤ ማለዳ ወጥተው ማምሻውን ይመለሳሉ። አንድ ቀን በአማርኛ የተናገረችውን ቃል ቆጠረች። አርባ ሦስት ሆነ። አሥራ አንዱ ለጎረቤት ድመት ነበር።

አቦኮር ለምን ብቻውን እንደሚቀመጥ ለመረዳት ጊዜ ፈጀባት። ዳሚ ከሚባለው፣ ሌሎቹ ዝቅ አድርገው ከሚያዩት ጎሳ ተወልዷል። የዳሚ ሰዎችን ሌሎቹ አያገቧቸውም፤ አንዳንዱማ አብሯቸው አይቀመጥም።

መምህር ዋርሳሜ ግን ለእንዲህ ዓይነቱ ነገር ጆሮ የላቸውም። ለሁለቱ የሰጧቸው ሥራ ውኃ ወደ ተን ሲለወጥ የሚወስደውን ሙቀት መለካት ነበር። በተዘጋ ጠርሙስ ውስጥ ውኃ ይሞቃል፤ አንዱ ቴርሞሜትሩን፣ ሌላው ግፊቱን የሚያሳየውን የሜርኩሪ ቁመት በአንድ ቅጽበት ያነባል። ስለዚህ ሁለት ሰው ያስፈልጋል።

አቦኮር በጨርቅ የተጠቀለለ ቴርሞሜትር ይዞ ወደ መስኮቱ መጣ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ እዚህ ብቀመጥ ቅር ይልዎታል?»

እርሳሷ ከእጇ ወደቀ። «አማርኛ ትችላለህ?»

«አገራችሁ፣ ሐርትሼክ የስደተኞች ካምፕ ሰባት ዓመት ኖሬያለሁ።»

«እና ለምን እርስዎ ትለኛለህ? እኩያህ እኮ ነኝ።»

«ያስተማሩኝ የመጋዘን ጸሐፊዎች ናቸው። እነሱን አንተ ያለ ሰው ዱቄቱ ይጎድልበታል።»

በዚያ ክፍል ውስጥ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነበር።

ቴርሞሜትሩ የአባቱ ነው። አባቱ የከብት ሕክምና ላቦራቶሪ ሠራተኛ ነበሩ፤ ከተማው ሲደበደብ ሞቱ። እናቱ ከቤቱ ያወጡት ልጆቻቸውንና ይህን ቴርሞሜትር ነው፤ እስከ ሐርትሼክ በጉያቸው ይዘውት በእግር ሄዱ። ከዚህ ሌላ እስከ መቶ የሚያነብ ደህና ቴርሞሜትር ኮሌጁ አልነበረውም።

ለስሌቱ የከተማው የአየር ግፊት ያስፈልጋል። የኮሌጁ ባሮሜትር በጦርነቱ ጊዜ ተዘርፏል።

«አባቴ ከአየር ማረፊያው ያመጡልናል» አለች ብሩክታይት።

አመጡ። በሜርኩሪ ሚሊሜትር ሲለወጥ 761 ሆነ። መጽሐፉ 760 ይላል። ከመጽሐፉ ጋር መስማማቱ ሁለቱንም ደስ አሰኛቸው፤ ከዚያ በኋላ ስለዚያ ቁጥር ማንም አልጠየቀም።

ስድስት ሳምንት አብረው ሠሩ። እሱ «አሁን» ይላል፤ ሁለቱም ያነባሉ። በአንድ ከሰዓት ሠላሳ ጊዜ ያህል «አሁን» ይላል። ቀስ በቀስ ብሩክታይት ከዚያ ቃል በፊት ያለውን ዝምታ መጠበቅ ጀመረች። ሜርኩሪውን አንብባ ቀና ስትል፣ አንዳንዴ እሱም ቴርሞሜትሩን ሳይሆን እሷን እያየ ታገኘዋለች። ያን ጊዜ ሁለቱም ወደ ደብተራቸው ይመለሳሉ።

ውጤቱ ግን እምቢ አለ። አርባ አንድ ኪሎጁል ከምናምን መሆን የነበረበት ሠላሳ ላይ ቆመ። በግራፉ ላይ ቀጥ ማለት የነበረበት መስመር ጎበጠ። ክፍት ድስት ውስጥ የተጣደው ውኃም መቶ ዲግሪ ሳይደርስ፣ በ95.5 ፈላ።

መምህር ዋርሳሜን ቢጠይቋቸው «ስህተቱ የእናንተ ነው፤ እናንተው ፈልጉት» አሏቸው። ደህና ውጤት ያላስገባ ወደ ሦስተኛ ዓመት አያልፍም፤ ቀነ ገደቡ ሚያዝያ ሠላሳ ነው። የአባቷ የሥራ ጊዜ ደግሞ ሰኔ ላይ ያበቃል። ካለፈች ማርያን ከምትባል የአባቷ የሥራ ባልደረባ ዘንድ እያደረች ትማራለች። ካላለፈች ሰኔ ላይ ከአባቷ ጋር ትሳፈራለች፤ «አሁን» የሚላትም አይኖርም።

በዚህ ፍርሃት ውስጥ ሆና ነው ያን ያደረገችው። አቦኮር በሌለበት አንድ ከሰዓት ለመጨረሻው ስሌት በመረጧቸው ስምንት የሙቀት ንባቦች ላይ 4.5 ጨመረች፤ በጎናቸውም «ቴርሞሜትሩ ያጎድላል» ብላ ጻፈች። ውጤቱ ከሠላሳ አንድ አላለፈም።

በማግስቱ ደብተሩን ገለጠው።

«ንባቤን ማን ነካው?»

«እኔ ነኝ። አስተካከልኩት።»

«አስተካከልሽው» አለ፤ ድምፁን ከፍ አላደረገም። «ሳትነግሪኝ።»

«ውኃው በ95 ፈላ እኮ አቦኮር። ግፊቱ 761 ነው። አንዱ መሳሳቱ የግድ ነው።»

«እና የተሳሳተው የእኔ ነው።» ቴርሞሜትሩን በጨርቁ መጠቅለል ጀመረ። «ዳሚ የተወለደ ሰው የያዘው ዕቃ እንደማይታመን ነግረውሻል አይደል?»

«ነግረውኛል፣ ግን …»

«ገባኝ።»

ነግረውኛል ግን አልሰማኋቸውም ልትል ነበር። ቃሉ አፏ እስኪደርስ እሱ በሩን አልፏል። ሦስት ቀን አልመጣም። አንዱ ተማሪ በርበራ ወርዷል አላት፤ ለምን እንደሆነ አያውቅም።

ዓርብ የዕረፍት ቀን ነው። ምሳ ላይ አባቷ የሳህኗን ሙሉነት አዩ።

«ብሩኬ፣ ምግቡን በዓይንሽ ነው የምትበዪው?»

«አባዬ፣ ያን የግፊት ቁጥር የሚለኩት የት ነው?»

«ማረፊያው ላይ ነዋ።»

«እዚያ መሬቱ ላይ ያለው ግፊት ነው?»

«የለም፣ የለም። ለፓይለት የሚነገረው ወደ ባሕር ወለል ተመልሶ የተሰላ ነው። ፓይለቱ ከፍታውን ከባሕር ነው የሚቆጥረው። እኛ ያለንበት ከባሕር አንድ ሺህ ሦስት መቶ ሜትር ከፍ ያለ ነው።»

ብሩክታይት ጉርሻዋን መለሰች። «የመሬቱስ?»

«እሱንም ይጽፉታል፤ 863 ሄክቶፓስካል አካባቢ ነው። ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«የጠየቅኩዎት መስሎኝ።»

በጋዜጣ ጠርዝ ላይ አሰላችው። በሜርኩሪ 647 ሚሊሜትር ሆነ። በዚያ ግፊት ውኃ የሚፈላው በ95.5 ነው። የአቦኮር አባት ቴርሞሜትር ከጅምሩ እውነቱን ሲናገር ኖሯል፤ የባሕርን ግፊት ተራራ ላይ አምጥታ የጫነችው እሷ ናት።

የላቦራቶሪው ሕግ የተጻፈ አይፋቅም ይላል፤ በአንድ መስመር ይሰረዛል፣ ምክንያቱ፣ ስምና ቀን ይጻፍበታል። ቅዳሜ ጠዋት ስምንቱንም ጭማሪዎች ሰረዘች። ከዚያ ሕጉ የማይጠይቀውን አደረገች፤ እርማቱን በትልቅ ወረቀት ገልብጣ ሁሉም በሚያይበት በበሩ ሰሌዳ ላይ ለጠፈችው። «ቴርሞሜትሩ ትክክል ነው። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ የባሕር ወለል ግፊት ተጠቅሜያለሁ። ብሩክታይት ወልደማርያም።» ይህ በእንግሊዝኛ ነበር። ከሥሩ አንድ መስመር በአማርኛ ጨመረች፤ በክፍሉ ከእሷ ሌላ አማርኛ የሚያነብ አንድ ሰው ብቻ ነው። «ነግረውኛል። አልሰማኋቸውም።»

አቦኮር እሑድ መጣ። ጫማው የመንገድ አቧራ ለብሷል። ሰሌዳው ፊት ቆመ፤ አነበበ፤ እንደገና አነበበ። ሲጨርስ በበሩ በኩል ያለውን ጠረጴዛ አልፎ ወደ መስኮቱ መጣና ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ ፊቷ አስቀመጠ። በርበራ፣ የባሕሩ ዳር፣ ዓርብ ጠዋት። ውኃው የፈላበት፣ 99.9።

«ልታሳየኝ ነው ያን ያህል የወረድከው?»

«ላሳይሽና ሁለተኛ ላላናግርሽ።» ወደ በሩ ሰሌዳ ዞሮ አየ። «ሰሌዳው ላይ ያለው ቀን የቅዳሜ ነው።»

«አዎ።»

«የእኔን ወረቀት ያየሽው ግን ዛሬ ነው።»

«ግፊቱን ከአባቴ ሰማሁ።»

«የአማርኛውንስ? እሱንም አባትሽ ነገሩሽ?»

ብሩክታይት መስኮቱን አየች፤ ከዚያ እሱን። «እሱን ማንም አልነገረኝም።»

ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ። አንድም አዲስ ንባብ አላስፈለጋቸውም፤ ያ አንድ ቁጥር ሲለወጥ የጎበጠው መስመር ቀጥ አለ። 41.9 ወጣ። መምህር ዋርሳሜ ከመነጽራቸው በላይ ሁለቱን አየት አደረጉና ፈረሙ።

ሰኔ ሲገባ አቶ ወልደማርያም ሻንጣቸውን እያሰሩ ጠየቋት።

«ልጁ ሲሰግድ ወዴት እንደሚዞር ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ አባዬ።»

«አንቺስ ቤተ ክርስቲያን እንደምትስሚ ያውቃል?»

«ያውቃል። ቃል አልተገባባንም። ሦስተኛ ዓመትን አብረን እንጀምራለን፤ ከዚህ ያለፈ ነገር አልተባለም።»

«እኔን የሚያሰጋኝ ያልተባለው ነው» አሉ፤ ግን እጃቸው ራሷ ላይ ነበር። «ምናልባት ሐሳብሽን ከለወጥሽ ብዬ አውሮፕላኑ ላይ ቦታ ይዤልሻለሁ።»

በመጨረሻው የሥራ ቀናቸው የተሳፋሪዎቹን ዝርዝር የፈረሙት ራሳቸው ናቸው። አውሮፕላኑ ሰኔ 22 ቀን ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ ተነሣ። የተመዘገበ ተሳፋሪ ሃያ ሰባት፤ የተሳፈረ ሃያ ስድስት።