ጽጌረዳ ከሆነ እሺ

«ሁለት? ለምን ሁለት?» አለችኝ ኢየሩ፣ የሽቶ ጠርሙሶቹን በሁለት እጇ ይዛ።

«መምረጥ አቃተኝ!»

ጽጌረዳው ለስለስ ያለ ነው፤ ጃስሚኑ ግን ገና ሲከፈት አፍንጫ ይሞላል። ባለሱቋን አሰልችቼ ሁለቱንም ገዛሁ። መሳይ እባላለሁ፣ ስልክ እጠግናለሁ፤ ኢየሩ ፋርማሲ ትሠራለች። በየጠዋቱ ከሸጎሌ ወደ ዊንጌት በታክሲ አብረን ስንሄድ ድፍን ዓመት ሆኖናል። እንደምወዳት የነገርኳት ግን ገና ያን ቀን ነው፤ እሱም ጨንቆኝ። እሁድ ሌላ ሰው ቤተሰቦቿ ዘንድ ሽማግሌ ሊልክ ነው፤ እናቷም መልሷን እየጠበቁ ነው።

«በአፌ መናገር አፍራለሁ» አለች አንገቷን ደፍታ። «ነገ ጠዋት... እሺ ካልኩህ ጽጌረዳውን ተቀብቼ እመጣለሁ። እምቢ ከሆነ ጃስሚኑን።»

እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር ነጋ። የጀማመረኝ ጉንፋንም ብሶብኝ አደረ፤ ማን ልብ ብሎት!

ታክሲ ውስጥ አጠገቤ ተቀመጠች። አየሩን ሳብኩ... ምንም። ጠጋ ብዬ እንደገና ሳብኩ። ምንም! ጽጌረዳም የለ፣ ጃስሚንም የለ።

«ዛሬ ዝም አልክ» አለችኝ ቀስ ብላ።

ምን ልበላት? ለእምቢታ እንኳን አላበቃችኝም!

«ወራጅ አለ!» ብዬ ጮህኩና ዊንጌት ሳንደርስ ወረድኩ።

ሥራ ቦታ ልቤ ሥራው ላይ አልነበረም። የጋለውን የመበየጃ ካውያ የደንበኛ ስልክ ላይ ረስቼው ኖሮ፣ አብሮኝ የሚሠራው ግዛቸው ዘሎ አነሳው።

«ፕላስቲኩ ሲነድ አይሸትህም እንዴ?!»

«አይሸተኝም...» አልኩ። ከዚያ ገባኝ። «ግዛቸው! አይሸተኝም እኮ!»

እስከ ፋርማሲው ድረስ ሮጥኩ። ኢየሩ ስታየኝ ፊቷን አዞረች። ዓይኗ ቀልቷል።

«ጥለኸኝ ወረድክ! ለእማዬም ደውዬ እሁድ ሽማግሌዎቹ ይምጡ ብያታለሁ።»

ወደ ባንኮኒው ተጠጋሁ።

«ጉንፋን ይዞኛል ኢየሩ! ምንም አልሸተተኝም። ሳትቀቢ የመጣሽ መስሎኝ ነው...»

እጇን አፍንጫዬ ሥር አደረገችው።

«አሁንስ?»

«ምንም። በቃ በአፍሽ ንገሪኝ፤ እምቢም ቢሆን!»

እጇን ከአፍንጫዬ ሥር አላነሳችም። መድኃኒት ሊገዙ የቆሙ አንዲት እናት ግን ትዕግሥታቸው አለቀ።

«ጽጌረዳ ነው ልጄ! በሩ ድረስ ይሸታል።»

ልቤ ዘለለ። ቢሆንም አልተንቀሳቀስኩም።

«ከእሷ ልስማው እማማ።»

ኢየሩ ሳቀች፣ እንባዋም መጣ። ስልኳን አንስታ ደወለች።

«እማዬ... እነዚያ ሰዎች እሁድ እንዳይመጡ። አይ፣ ቤቱንስ አዘጋጂ፤ ሽማግሌ ይመጣል። የመሳይ ሽማግሌዎች ናቸው።» ትንሽ አዳመጠችና ቀና ብላ አየችኝ። «አዎ እማዬ። እወደዋለሁ!»

ለእኔ በአፏ ለመናገር ያፈረችውን፣ ለእናቷ ስትነግራቸው ሰማሁት።