በረዶ ያልነካው ደም

ሁለቱ ቱቦዎች በብብቶቿ ሥር ነበሩ።

በግራ የመሪጌታ ደም። በቀኝ የራሷ።

ሚኒባሱ ጉንደ ወይን ላይ ቆመ። ረዳቱ በሩን ከፈተው። «ውረዱ! ፍተሻ ነው!»

እፀገነት ወረደች። ሞጣ ውስጥ የምትታወቀው በዚህ ስም ነው፤ የአንድ የግል ክሊኒክ የላብራቶሪ ባለሙያ። እውነተኛ ስሟን የሚያውቁት የመድኃኒት ወንጀል ምርመራ ክፍል ጥቂት ሰዎች ናቸው። እነሱም በስሟ አይጠሯትም። «ቆቅ» ይሏታል።

ፈታሿ ወገቧን ዳበሰች። እጇ ወደ ላይ ሲወጣ እፀገነት ሆን ብላ ተንዘፈዘፈች።

«ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የምትንቀጠቀጪ?»

«ተስቦ ነው አሉኝ፣ እታለም።»

ፈታሿ እሳት እንደነካ ሰው እጇን ሰበሰበች። «እግዜር ይማርሽ! ሂጂ፣ ግቢ!»

ሚኒባሱ ተነሣ። እፀገነት ክንዶቿን ይበልጥ አጣበቀች።

«ጠለ ሕይወት» የሚባል ድርጅት በየገጠሩ እየዞረ «የሰውነትን መከላከያ ያነቃል» የሚል መርፌ ይወጋል። ውስጡ ያለው ከምረንዝ ዛፍ የወጣ መርዝ ነው፤ አዳኞች ፍላጻ የሚቀቡበት። የተወጉ ሰዎች ልባቸው እየቆመ ሞተዋል። የፊታችን እሑድ ደግሞ ተራው የቢቸና ነው።

ማስረጃው ያለው በሕያው ደም ውስጥ ብቻ ነው። ነጭ የደም ሴል ለመከላከል ሲነቃ ያድጋል፣ ይባዛል። ለዚህም ፖታሲየም ያስገባል፣ ሶዲየም ያስወጣል። ይህን የሚሠሩ ፓምፖች በሴሉ ሽፋን ላይ አሉ። ምረንዝ እነዚህን ፓምፖች ይዘጋቸዋል።

«ብርድም ያቆማቸዋል» ብሏት ነበር አለቃዋ ሲያሠለጥናት። «በክትባት የለመደ እጅ በረዶ ይወዳል። ይህን ደም በረዶ ከነካው ግን ፓምፑን ያቆመው መርዙ ይሁን ብርዱ ማንም አይለየውም። በገላሽ አሙቂው።»

መሪጌታ ወልደ ሰንበት ተወግተው አልጋ ላይ ከዋሉ ሰንብተዋል። ክንዳቸውን ሲዘረጉላት ፈገግ ብለው ነበር።

«ውሰጂው ልጄ። እኔ ዘንድ ሥራ ፈትቷል። ግን ተመልሰሽ ወሬውን ንገሪኝ።»

«እመጣለሁ፣ የኔታ።»

ቢቸና። ከመናኸሪያው ጀርባ ያለች ትንሽ ምግብ ቤት።

አለቃዋ ፍቅረ ሥላሴ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ ተቀምጧል። የምስጢር ስሙ «ዋንዛ» ነው። ከእግሩ ሥር የክትባት ሳጥን አለ። የሳጥኑ ጎን ውሃ አዝሏል።

በረዶ።

«ደኅና ገባሽ?»

«ደኅና፣ ጋሼ።»

«ተከታይስ?»

«የለም።»

«አምጪው።»

«ሳጥኑ ምንድን ነው?»

«ሙቀቱን አታዪውም? እንዳይበላሽ ነው እንጂ።»

ረስቶት ይሆን? ሌላ ሰው ቢሆን ታምን ነበር። ጤና ጣቢያ የሠራ ሰው ሁሉ ያለ በረዶ ንቅንቅ አይልም። ይህ ግን ያስተማራት ሰው ነው። ሆኖም በአንድ ነገር ብቻ ልትፈርድበት አልፈለገችም።

«ብርድ ፓምፑን አያቆመውም?» አለች በቀስታ።

«እንግዲህ አንቺ ልታስተምሪኝ ነው!» ሳቀ። «አምጪው ብያለሁ።»

ውጭ ሁለት ሰዎች ሞተር ሳይክል ተደግፈው በሩን ያያሉ። የክፍሉ ሰዎች አይደሉም።

እጇን ወደ ቀኝ ብብቷ ሰደደች። የራሷን ደም የታማሚው አስመስላ ሰጠችው።

«የጤነኛውስ?»

«ፍተሻ ላይ ተሰበረ።»

ዐየት አደረጋት። ከዚያ ቱቦውን በረዶው ውስጥ እስከ አንገቱ ቀበረው።

«አሁን ወዴት ነሽ?»

«ወደ ሞጣ። ነገ ሥራ እገባለሁ።»

«መሪጌታን ሰላም በይልኝ።»

የታማሚውን ማንነት ለማንም ተናግራ አታውቅም።

«እሺ» አለች። «እጄን ልታጠብና ልሂድ።»

ወደ ጓዳ ገባች። ወጥ የምታማስል ሴት ቀና አለች። «በዚህ መውጫ የለም!»

«ባሌ ነው፣ እቴ። ካገኘኝ ይገድለኛል።»

ሴቲቱ ማማሰያዋን ጣል አድርጋ ከኋላ በር ላይ የከሰል ጆንያውን ጎተተች። «ወንድ ደግሞ! ሂጂ፤ ብቻ አጥሩ እሾህ ነው።»

እሾሁ ቀኝ ክንዷን ቧጠጣት። ግራ ክንዷን ግን አላላላችም።

ከኋላዋ ሞተር ሳይክል ተነሣ።

አልሮጠችም። የሚሮጥ ሰው ይታያል። ነጠላዋን ገልብጣ ለብሳ ከገበያተኛው መሐል ገባች። ድምፁ ቀረበ። አጠገቧ ደረሰ።

አለፈ።

ለእያንዳንዱ ሰላይ የቅርብ አለቃው የማያውቀው ሁለተኛ በር ይሰጠዋል። የእሷ አንድ የእህል መጋዘን ነበር።

«ቦሎቄ አለ?»

«ለወጥ ነው ለዘር?» አለች ውስጥ ያለችው ሴት።

«ለዘር።»

ሴትዮዋ ሰብለ ወንጌል፣ የክፍሉ ተመራማሪ ናት። መሣሪያዋን ከጆንያዎቹ ጀርባ ዘርግታለች። ቱቦውን ተቀብላ በመዳፏ ያዘችው።

«ይሞቃል» አለች። «ማወዳደሪያ የጤነኛ ደም ግን ያስፈልገኛል።»

«ክንዴ አለልሽ።»

«እሾሁ ጀምሮልኛል እንዴ?» አለች ሰብለ የተቧጠጠውን ክንድ አይታ።

ነጭ ሴሎቹን ለየች። ከቦሎቄ የሚወጣ ፕሮቲን ጨመረችባቸው፤ ሴሎችን የሚያነቃቸው እሱ ነው። በማግስቱ ለካች። የእፀገነት ሴሎች ፖታሲየም ሞልተው አድገዋል። የመሪጌታ ሴሎች ሶዲየም እንዳዘሉ ቀርተዋል። ብርድ አልነካቸውም። ፓምፑን የዘጋው መርዝ ነው።

እሑድ ቢቸና ላይ ማንም አልተወጋም። ዋንዛ ተያዘ። ለምን እንደከዳ አልተነገራትም።

«ወደ ሞጣ አትመለሺም» የሚል ትእዛዝ መጣ። «ክሱ እስኪያልቅ እፀገነት የምትባል ሰው የለችም።»

«ለአንድ ሰው እመጣለሁ ብዬ ነበር።»

«እመጣለሁ ያለችው እፀገነት ናት።»

መሪጌታ ሳያገግሙ አረፉ። ለተዝካራቸው ግን ሄደች። ይህን ማንም አላዘዛትም።

ተዝካር ላይ መንገደኛ ስሙን አይጠየቅም። ይቀመጣል፣ ይበላል፣ «ነፍስ ይማር» ይላል። ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ስባ ከነዳያኑ መሐል ተቀመጠች። የመሪጌታ ልጅ አመተ ሥላሴ አባቷን ልታስታምም ከደብረ ኤልያስ የመጣችው እፀገነት ከሄደች በኋላ ነው። ተያይተው አያውቁም። ዳቦ ቆርሳ ሰጠቻት።

«ብይ እኅቴ። አባቴን ታውቂያቸው ነበር?»

«መንገደኛ ነኝ።»

«ደግ ሰው ነበሩ። አንዲት የክሊኒክ ልጅ እመጣለሁ ብላቸው ቀረች። ‹በሩን አትዝጉ፣ ትመጣለች› እንዳሉ ነው ያረፉት። የዛሬ ልጅ ቃሉ እንዲህ ነው።»

«እንዲህ ነው» አለች እፀገነት። «ነፍስ ይማር።»

ዳቦው ገና ይሞቃል። በግራ ብብቷ ሥር ሸጎጠችው።

በሩ ክፍት ነበር። ወጣች።