ክላሪኔት የለመዱ ጣቶች

«ቁሙ! ቁሙ! ማን ነው?»

የሙዚቃ መምህሩ እጁ አየር ላይ እንደተንጠለጠለ ቀረ። ባንዱ ጸጥ አለ። ክላሪኔት ነፊዎቹ አንገታቸውን ወደ ኋላ አዞሩ፤ ማን እንደሆነማ ሁሉም ያውቃል።

«እኔ ነኝ፣ ቲቸር» አለች ቀጮ፣ ሳክስፎኑን ከአፏ አውጥታ።

«ዛሬም በክላሪኔት ጣት?»

«ዛሬም።»

ሦስት ዓመት ክላሪኔት ነፍታለች። እዚያ አውራ ጣት ከኋላ ያለውን ቁልፍ ሲጫን ድምፁ ዘሎ ሌላ ኖታ ይሆናል። ሳክስፎን ላይ ግን ያው ኖታ ነው ቀጥኖ የሚወጣው። ጭንቅላቷ ይህን ካወቀ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። ጣቶቿ ግን አሁንም አልሰሙም።

ሳክስፎን ይነፋ የነበረው ልጅ ትምህርት ቤት ሲቀይር መምህሩ እሷን መረጠ። «አንቺ ትንፋሽ አለሽ» አላት። ክላሪኔቷም ለአንዲት የሰባተኛ ክፍል ልጅ ተሰጠ። የዓመቱ መዝጊያ ዝግጅት ዓርብ ነው።

በእረፍት ሰዓት መሣሪያ የሚቀመጥበት ክፍል ገብታ ባዶ ሣጥን ላይ ቁጭ አለች። የሳክስፎኑ ማንገቻ አንገቷን ልጦታል። የታች ከንፈሯ ከውስጥ ቆስሏል። ማውራትም ታክቷታል።

ጓደኛዋ በሩን በርግዳ ገባች። ክላሪኔቷ ቶሎ ቶሎ ስለሚያፏጭባት «ፉጨት» ነው የሚሏት።

«ገላገልኩሽ!»

«ከምኑ?»

«ከዚህ የቧንቧ ዘመድ ነዋ! ሐኪም ከንፈሯን አይቶ ሳክስፎን እንዳትነካ ብሏታል አልኩት ለቲቸር። ሲጠይቅሽ ራስሽን ነቅነቅ ማድረግ ብቻ ነው።»

«የቱ ሐኪም?»

«እኔ ነኛ!»

ቀጮ ሳትወድ ሳቀች። ከንፈሯን አመማት።

«ሙች፣ የማወራው ሰው አጣሁ እኮ» አለች ፉጨት። «ያቺ ባንቺ ቦታ የተቀመጠችው ትንሿ፣ ስትተነፍስ እንኳ ድምጿ አይሰማም።»

«ክላሪኔቱስ?»

«ትመልሳለቻ! የሦስት ሳምንት ነፊ፣ ምን ይቀርባታል?»

ቀጮ የቆሰለ ከንፈሯን በጣቷ ዳሰሰች። ራስ መነቅነቅ ጉልበት አይጠይቅም። እሷ ደግሞ ጉልበቷ አልቋል።

መምህሩ ሲጠራት ሁለቱም ወደ ልምምዱ ክፍል ተመለሱ። ትንሿ ልጅ እዚያው ቁጭ ብላ ክላሪኔቱን በጨርቅ ትወለውላለች።

«ሐኪም ከልክሏታል የተባለው እውነት ነው?» አለ መምህሩ። «ከሆነ አላስገድድሽም። ክላሪኔትሽን አሁኑኑ ትወስጃለሽ።»

የትንሿ ልጅ እጅ ቆመ። ከዚያ ክላሪኔቱን መፍታት ጀመረች፤ ቁራጭ በቁራጭ፣ እንዳይጫርባት እየተጠነቀቀች።

ቀጮ ጥቂት አየቻት።

«ሐኪም ጋ አልሄድኩም» አለች። «ስነፋ ከንፈሬን እየነከስኩት ነው። እንደ ክላሪኔት።»

«ከንፈርሽን ላላ አድርጊ ብዬሽ የለም?»

«ብለውኛል። እሺ ያላለው እሱ ነው።»

መምህሩ ፉጨትን አንዴ ገላምጧት ወደ ኖታዎቹ ዞረ። ፉጨት ፊቷ ቀላ።

«ጉድ ሠራሽኝ» አለች በሹክሹክታ። «ሁለተኛ ላንቺ ብዬ አፌን አልከፍትም!»

«ይቅርታ» አለች ቀጮ። ፉጨት ጀርባዋን ሰጥታት ሄደች።

ደወሉ ጮኸ፤ ሌሎቹ እየተጋፉ ገቡ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ቀጮ ወንበሯን ወደ ክላሪኔቶቹ አስጠግታ ነበር የምትቀመጠው፤ ሰው እየተሰናከለባት እንኳ ፈቀቅ አላደረገችውም። አሁን በሁለት እጇ አነሳችውና ትሮምቦን ከሚነፋው ልጅ ጎን አስቀመጠችው።

«እዚህ ሰፈር ምራቅ ይዘንባል» አላት ልጁ። «አውቀሽ ግቢ።»

«እሺ» አለችና ተቀመጠች።