በወንዙ አፍ የተኛችው ዋሜራ

በኤልባሬ መንግሥት ዳርቻ፣ ባሕር ከየብስ በሚገናኝባት በድማኖ መንደር፣ የመጸው ዝናብ ሠላሳ አንድ ቀን ሳያባራ ወረደ። ይብራዎች ጫጩቶቻቸውን ጥለው ወደ ደጋው ሸሹ፤ ሸርጣኖች ከጉድጓዳቸው ወጥተው በሰው አልጋ ሥር ተሸሸጉ። ሽማግሌዎቹ ይህን ባዩ ጊዜ ፊታቸው ጠቆረ። ጎጆ የምታህለው ጥንታዊቷ የባሕር ኤሊ ዋሜራ ወንዙ ወደ ባሕር የሚፈስበትን አፍ ተኝታበት ዘግታዋለችና፣ ውኃው መንደሩን እየዋጠ ነበር።

የዓሣ አጥማጁ ልጅ ሲማራ ንጉሡ አውሬዋን እንዲገድል የላከውን፣ መብረቅ የሚተፋ ጦር በሕዝቡ ፊት ተቀበለች።

«በአባቴ አጥንት እምላለሁ፤ የወንዙን አፍ ሳልከፍት አልመለስም!»

ባሕሩን አርባ ዓመት የቀዘፈው አጎቷ ጋሽ ደንቢሶ ታንኳውን ፈታ። «ብቻሽንማ አትሄጂም» አላት።

የሰመጡ ከብቶች በሚንሳፈፉበት ጎርፍ ላይ ከንጋት እስከ ቀትር ቀዘፉ። ዋሜራ አሸዋው ላይ ተጋድማ ነበር፤ ትንፋሿ ጉም ሆኖ ይወጣል። ሲማራ ጦሩን ስታነሣ ጫፉ ላይ መብረቅ ተንጣጣ። አውሬዋ ግን አልሸሸችም፤ አንገቷን ዘርግታ ጠበቀቻት። ያን ጊዜ ሲማራ ከሆዷ ሥር እንስራ የሚያካክሉ ሰባት እንቁላሎች አየች። ጦሩን ዝቅ አደረገች።

«ጋሼ፣ እናት ናት!»

«እንቁላሎቹን ከወሰድናቸው ትከተላለች። ጦሩን ተይውና አግዢኝ።»

አንድ በአንድ በደረታቸው አቅፈው ከፍ ወዳለው አለት አወጧቸው። ዋሜራም እያቃሰተች ተነሥታ ተከተለች። ስድስተኛው ሲወጣ፣ የለቀቀችው አሸዋ መናድ ጀመረ። ጋሽ ደንቢሶ ሰባተኛውን እንዳቀፈ ጎርፉ ወገቡን ያዘው።

«ይተዉትና እጅዎን ይስጡኝ!» ብላ ጮኸች።

«መጀመሪያ ይህን ተቀበዪ!»

ተቀብላ አስቀምጣ ስትዞር የወንዙ አፍ ተከፍቶ፣ ደፍራሹ ጎርፍ እየተገማሸረ ባሕር ይገባ ነበር። ጋሽ ደንቢሶ የለም። ዋሜራ ተወርውራ ጎርፉ ውስጥ ገባች፤ ብዙ ቆይታ ባዶዋን ተመለሰች።

በማግሥቱ የድማኖ ጣሪያዎች፣ ቀጥሎም ደጃፎቹ ብቅ አሉ። ሕዝቡ እልል እያለ በታንኳው ብቻዋን የተመለሰችውን ሲማራን ሊሸከማት ሮጠ። እሷ ግን በአጎቷ ሚስት በእትዬ ወርቂሳ እግር ሥር ወደቀች።

«ልጄ፣ እሱስ?»

«ባሕሩ ወሰዳቸው፣ እትዬ። እጃቸውን ልይዘው አልቻልኩም።»

እትዬ ወርቂሳ ነጠላዋን አውልቃ በምትንቀጠቀጠው ልጅ ትከሻ ላይ ጣለች።

«ቤት ግቢ፤ ብርድ እንዳይመታሽ» አለቻት። ራሷ ግን ፊቷን ወደ ባሕሩ አዙራ፣ ዝናቡ እየወረደባት እዚያው ቆመች።