በሀቢሶ ደጃፍ የታሰረችው ጦጣ

በስደት በምኖርባት በቮስሎሩስ ሱቅ ከከፈትኩ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ዳቦ፣ ሻማና ላምባ እሸጣለሁ። ገዢዬን የማየው በብረት ፍርግርግ በኩል ነው። እንዲህ የሚኖር ሰው ብዙ ያያል፤ ጥቂት ይናገራል። ይህ እንዳስተዋይነት ይቆጠርልኝ ነበር። አሁን አልቆጥረውም።

ፊት ለፊቴ የአገሬ ልጅ ሀቢሶ ሱቅ አለው። ባለፈው ታኅሣሥ ከአንድ ሰው እጅ አንዲት ጦጣ ገዛ። ወገቧን በሰንሰለት አስሮ ከደጃፉ ምሰሶ ጋር አቆራኛት። ቅዳሜ ቅዳሜ ስፒከር ያወጣል፣ የሕፃን ቀሚስ ያለብሳታል፣ ሰንሰለቱን ሳብ ሲያደርገው ትዘላለች። ሰዉ "ማዳም፣ ጨፍሪ!" ይላታል። ቺፕስ ይወረውሩላታል፤ ሰካራሞችም ቢራ ያጠጧታል። ሰፈሩ ሁሉ ወደ እሱ ሱቅ ዞረ።

በመጋቢት ሰንሰለቱ ያረፈበት ቦታ ጸጉሩ ረግፎ ቆዳው ተልጦ አየሁ። መንገዱን ተሻግሬ ሄድኩ።

"ሀቢሶ፣ ወገቧ ቆስሏል።"

"ቀሚሱ ይሸፍነዋል፣ ጋሽ ዱካሞ።"

"የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ አስሮ ማስጨፈር በዚህ አገር ሕግ ክልክል ነው ይላሉ።"

ሳቀብኝ። "እኔ ስድስት ዓመት ተሰልፌ የመኖሪያ ወረቀት አላገኘሁም፤ ለጦጣ ላውጣላት? እንዳትቀድመኝ ብቻ!"

እኔም ሳቅኩ። ወደ ሱቄ ተመለስኩ።

ጎጎ ቴምቢ የሚባሉ ጡረተኛ ነርስ ደንበኛዬ ናቸው። ጎጎ አያት፣ ባባ ደግሞ አባት ማለት ነው። በማግስቱ ዳቦ ሊገዙ መጡ።

"ባባ፣ ያቺን እንስሳ ታያታለህ?"

"አያታለሁ።"

"የእንስሳት ጥበቃ ተቆጣጣሪዎች አሉ። ከአንተ ይልቅ በቅርብ የሚያያት የለም። አንተ ደውልላቸው።"

ቁጥሩን በቁራጭ ካርቶን ጽፈው ሰጡኝ። ከፍርግርጉ ጀርባ ሰካሁት። አልደወልኩም።

ለምን እንደሆነ የእኛ ሰው ያውቀዋል። እኛ ባለሥልጣን አንጠራም። ስንዘረፍ እንኳ ዝም እንላለን፤ የመጣው ሁሉ ከሌባው በፊት ወረቀታችንን የሚጠይቅ ይመስለናል። የአገር ልጅ ማስከሰስ ደግሞ ነውር ነው። የእኔ ወረቀት የታደሰ ነበር። ፍርሃቴ ግን የድሮው ነው።

ሐምሌ ላይ ብርዱ ጠና። ጦጣዋ ከቆርቆሮው ሥር ተኮራምታ ትውላለች። አንድ ቅዳሜ ሀቢሶ ሰንሰለቱን ቢስብ፣ ቢስብ አልተነሣችም። "ዛሬ ሰነፈች" አለ። ጎጎ ቴምቢ ከዳር ቆመው ያዩ ነበር። እዚያው ስልካቸውን አውጥተው ደወሉ።

ሰኞ ጠዋት ተቆጣጣሪዋ ከእንስሳት ሐኪም ጋር መጣች። ቀሚሱን በመቀስ ቀደዱት። ሰንሰለቱ ሥጋዋ ውስጥ ገብቷል። ሽታው ከመንገዱ ማዶ ደረሰኝ። ሐኪሙ መግሉ ወደ ውስጥ ዘልቋልና አትድንም አለ። እንዳትሠቃይ የሚያሳርፋትን መርፌ ወጋት። ጎጎ ቴምቢ የጦጣዋን እጅ ይዘው ነበር።

ከዚያ ተቆጣጣሪዋ ወደ እኔ ተሻገረች። ገና አፏን ሳትከፍት ወረቀቴን በፍርግርጉ አወጣሁላት።

"ይህን አልጠየቅኩህም፣ ባባ" ብላ ወረቀቱን መለሰችልኝ። "ቁስሉን መጀመሪያ ያየኸው መቼ ነው?"

"በመጋቢት።"

ጻፈች። "ያኔ ብትደውል ትድን ነበር" አለች። ቁጣ አልነበረባትም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ሀቢሶ ተከሰሰ። ፍርድ ቤት ቀርቦም ጥፋቱን አመነ። የዚያን ዕለት ከፍርግርጌ ፊት መጥቶ ቆመ።

"ጋሼ፣ የምትጨፍር ይመስለኝ ነበር። ለካ ስስባት እያመማት ነው የምትዘለው።" ፍርግርጉን ያዘ። "እርስዎ ያውቁ ነበር። ምነው ጠንከር ብለው ቢነግሩኝ?"



ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ደጃፋችሁ ላይ እንስሳ የምታስሩ፣ የአንበሳ ግልገል አቅፋችሁ ፎቶ እየተነሣችሁ ወደ አገር ቤት የምትልኩ፣ እናንተም እንደ እኔ ቆማችሁ የምታዩ፦ ሕጉ አለ። ነገር ግን ሕግ በየደጃፉ ዓይን የለውም። የሚያየው በእኛ ዓይን ነው፤ እኛ ዝም ካልን ደግሞ ዕውር ነው።

የጎጎ ቴምቢን ካርቶን ከፍርግርጉ ጀርባ አንሥቼ ገዢ በሚያይበት በኩል ለጥፌዋለሁ። ከመጋቢት ጀምሮ እዚያ መለጠፍ ነበረበት።