ሃምሳ ስድስት ደረጃ

«ይቀመጡ። የትኛው ጉልበትዎ ነው?» አለኝ።

እኔ አይደለሁም ማለት ነበረብኝ። ግን ሰው ፊት ቃል ቶሎ አይወጣልኝም፤ ተቀመጥኩ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው በርከክ ብሎ ቀኝ ጉልበቴን ጫን አደረገው።

«ያምዎታል?»

«አይ።»

«እዚህ ጋስ?»

«አይ።»

ግራውንም አየ። ከዚያ ቀና ብሎ ተመለከተኝ። እናቴ ጥግ ካለው ወንበር ላይ ሆና ሳቋን ለቀቀችው።

«ልጄ፣ ያከምከው ዱላዬን ነው። በሽተኛዋ እዚህ ነኝ።»

ዱላዋን በሩ ላይ ስንደርስ ነበር ያስያዘችኝ። የማታውቀው ሰው ክፍል ተመርኩዛ አትገባም። ጥርሷን ነክሳ፣ ወገቧን አቅንታ ገብታ እንደ አስታማሚ ቁጭ አለች።

ሰውየው ጆሮው እስኪቀላ አፈረ። እኔም አቀረቀርኩ፤ ስስቅ ግን አይቶኛል።

ራጁን መስኮቱ ላይ አስደግፎ አሳየን። በአጥንቶቹ መካከል ያለው ለስላሳ ልባስ መሳሳቱን፣ የሳሳውም እንደማይመለስ ሳይሸፋፍን ነገራት። ጭኗን ማጠንከርና ሕመሙን መቀነስ ግን ይቻላል። ዕድሜ ነው ቻይው አላላትም። ወረቀት አወጣና ግቧን ጠየቃት።

«መዳን ነዋ» አለች።

«እሱ ምኞት ነው። ምን ለማድረግ? ምን ያህል? እስከ መቼ?»

እናቴ ልብስ ሰፊ ናት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ደንበኞቿን እጅጌው የት ይድረስ፣ ወገቡ ስንት ይሁን፣ ለመቼ ይውጣ ስትል ኖራለች። ጥያቄው ወዲያው ገባት። ሐሳቧ ግን ወደ አጎቴ ሄደ።

አጎቴ ታላቅ ወንድሟ ነው፤ ቆርጧል። አሳንሰር በሌለው ሕንፃ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ በዚህ ጉልበት አይኖርም ብሏል። ከሦስት ወር በኋላ መኪና ይዞ መጥቶ ሌላ ከተማ ወዳለው፣ ደረጃ ወደሌለው ቤቱ ሊወስዳት ነው። የስፌት መኪናዋ ይሸጣል። እኔም እናቴን ተከትዬ እሄዳለሁ። እኔን የጠየቀኝ የለም።

«ሃምሳ ስድስት ደረጃ» አለች እናቴ። «ያለ ዱላ፣ ሰው ሳይደግፈኝ፣ በአሥራ ሁለት ሳምንት። ጻፍ።»

ጻፈ።

ወረቀቱን ከደንበኞቿ ልኬት አጠገብ ግድግዳው ላይ ሰካነው። ለቀሚስ ወገብ የምትጠቀምበትን ላስቲክ ቁርጭምጭሚቷ ላይ አስራ፣ ወንበር ላይ ተቀምጣ እግሯን ትዘረጋለች፤ አሥር ጊዜ፣ ሦስት ዙር። ጠዋት ጠዋት ሕመሟን ከአሥር ቁጥር ትሰጠዋለች፤ እኔ እጽፋለሁ። ማክሰኞና ዓርብ ክሊኒክ እንሄዳለን። እዚያ ባለሙያው ሰዓቱን ይዞ ይቆጥራል፤ ስለዚህ ቆጣሪው ብላ ስም አወጣችለት። እሱ ለእሷ ሲቆጥር እኔ እጆቹን አያለሁ። ቀና ሲል ወደ መስኮቱ እዞራለሁ።

አጎቴ እየደወለ ጉልበት እንደ ቀሚስ አይጣፍም ይላታል። እሷም «ጋሼ፣ አንተ መርፌ ይዘህ ታውቃለህ?» ብላ ትዘጋበታለች።

በስድስተኛው ሳምንት ግን እልኳ አሸነፋት። እኔ ሥራ ላይ እያለሁ ሃምሳ ስድስቱን በአንድ ትንፋሽ ልትወጣ ሞከረች። ስመለስ ጉልበቷ አብጦ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች። ወረቀቱን ነቅላ ወርውራዋለች።

አነሳሁትና ብቻዬን ወደ ክሊኒኩ ሄድኩ። የማይሆን ተስፋ ሰጥተሃታል አልኩት። በሕይወቴ ሰው ላይ የተቆጣሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

አልተከላከለም። የተጨማደደውን ወረቀት ጭኑ ላይ ዘርግቶ በመዳፉ አቃናው።

«ግቡን አንቀይርም» አለ። «መንገዱን እንቀይር። እብጠቱ እስኪወርድ ትረፍ። ከዚያ አሥራ አራት፣ አሥራ አራት። በየፎቁ ትቁም፤ ሦስተኛው ላይ ወንበር አስቀምጪላት። ስትወጣ በደህናው እግር ትጀምር፣ ስትወርድ በታመመው።»

አስቀምጪላት አለ። እስከዚያ ቀን እርስዎ ነበርኩ። ሁለታችንም ሰማነው፤ ማናችንም አላረምነውም።

ለእናቴ ስነግራት ቀና አለች። «ደጉ ወደ ላይ፣ ክፉው ወደ ታች? ይሄማ ስብከት ነው» ብላ ላስቲኩን ጠየቀችኝ።

አጎቴ በቀጠሮው መጣ፤ ለሚሸጠው የስፌት መኪና ማሰሪያ ገመድ ሳይቀር ይዟል። እናቴ ደረጃው ሥር ጠበቀችው። ሳመችውና ዱላዋን እጁ ላይ አኖረች።

«ያዝልኝ፣ ጋሼ።»

አንድ እጇን የደረጃው መደገፊያ ብረት ላይ አድርጋ በደህናው እግር ጀመረች። አሥራ አራት። ቆመች። ሃያ ስምንት። ከንፈሯ ላይ ላብ ነበር፤ እጄን ልዘረጋ ስል በዓይኗ ገሠጸችኝ። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ቆማ ተነፈሰች፤ ወንበሩን ግን አልፋው ሄደች። አጎቴ ከኋላችን እያለከለከ ደርሶ ዱላውን ተመርኩዞ እዚያው ወንበር ላይ ዘጭ አለ። ሃምሳ ስድስተኛው ላይ ዞር አለች።

«በሽተኛው ማነው አሁን?»

አጎቴ እንደምንም ተነስቶ ቤት ደረሰ። ውሃ ጠጥቶ፣ ገመዱን እንደያዘ፣ ዱላውን በራችን ላይ አስደግፎ ብቻውን ወረደ።

በመጨረሻው ዓርብ ወረቀቱን ለቆጣሪው መለስንለት። እናቴ ካርዷን ልታስመልስ ወጣች። ከወረቀቱ ግርጌ፣ ለአስታማሚ አስተያየት በተተወው መስመር ላይ፣ ሦስት ቀን አስቤ የጻፍኩትን አነበበ። ምን፦ ሳላቀረቅር ካንተ ጋር ማውራት። ምን ያህል፦ የፈለግነውን። ቅዳሜ በአራት ሰዓት ይጀመር።

ጣቱን መስመሩ ላይ እያስኬደ ደግሞ አነበበው።

«እስከ መቼ የሚለውን አልሞላሽውም» አለ።

«አውቄ ነው» አልኩት፣ ዓይኑን እያየሁ።

ቅዳሜ በአራት ሰዓት ሃምሳ ስድስቱን ደረጃ ወጥቶ አንኳኳ። እናቴ ተነስታ ከፈተችለት።