ያልሰጠመው ክኒን

«ከገባ አራት ሰዓት ሞላው፤ አሁንም ላይ ነው» አለች ፕሮፌ፣ አገጯን ጠረጴዛው ላይ አስደግፋ ብርጭቆውን እያየች።

ሚሚ ከጎኗ ቆማ በንዴት ታያታለች። በቤተ ሙከራው መስኮት ሥር ሁለት ብርጭቆ ሙቅ ውሃ ተቀምጧል፤ የሰው ጨጓራ እንዲመስል አሲድ ጠብ ተደርጎበታል። የሚሚ ክኒን ገና ጠዋት ሰጥሞ ፈርሷል። የፕሮፌ ግን እንደተንሳፈፈ ነው። ሶዳው አሲዱን ሲያገኝ አረፋ ያወጣል፣ የሚያብጠው ሙጫ አረፋውን አፍኖ ይይዘዋል፤ ክኒኑም ጨጓራ ውስጥ ቆይቶ መድኃኒቱን ቀስ እያለ ይለቃል። በቀን ሦስቴ ይዋጥ የነበረው አንዴ ይበቃል ማለት ነው።

ይህን ሐሳብ ከመጽሐፍ ፈልጋ ያመጣችው ሚሚ ነበረች። ፕሮፌ የሚለው ቅጽል ስምም እስከ አምና የእሷ ነበር። ይቺ ልጅ ከሌላ ትምህርት ቤት ተዛውራ መጣችና ስሙንም፣ የመምህሩንም ፈገግታ ጠቅልላ ወሰደችው። ነገ ደግሞ የትምህርት ቤቱ ዳኞች ከሁለቱ ለሳይንስ ውድድር የሚያሳልፉት አንዷን ብቻ ነው።

«ከሰዓት የክኒን መጭመቂያው ያንቺ ተራ አይደል?» አለች ፕሮፌ። «ከፈለግሽ ሙጫውን ስንት እንዳደረግኩ አሳይሻለሁ። ሐሳቡ ያንቺ ነው እኮ።»

ደግነቷ ሚሚን ይብሱን አናደዳት። ፊቷን ለመደበቅ የፕሮፌ ብርጭቆ ላይ ጎንበስ አለች። ያኔ ነው ያየችው። ክኒኑ አልተንሳፈፈም፤ ያበጠው ሙጫ ብርጭቆው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ነው። ነካ ቢያደርጉት ይወርዳል።

ደስ አላት። በጣም ደስ አላት። ዝም ብትል ነገ ዳኛው ሲያማስለው በሰው ፊት ዘጭ ይላል። ብትናገር ፕሮፌ ዛሬውኑ ታስተካክለዋለች፤ ክፍሉም «ቀንታ ነው» ይላል። መቅናቱንማ ቀንታለች።

ፕሮፌ ደብተሯ ላይ «አራት ሰዓት» ብላ ጽፋ፣ ከሥሩ ሁለቴ አሰመረችበት። ሚሚ መስመሮቹን ትንሽ አየቻቸው። ከዚያ የመስታወት ዘንጉን አንስታ አቀበለቻት።

«አማስይው።»

«ይበላሽብኛል እኮ።»

«ግድ የለሽም፣ አማስይው።»

ዘንጉ አንድ ዙር እንደዞረ ክኒኑ ከግድግዳው ተላቆ ሰጠመ። የፕሮፌ ፊት አመድ መሰለ።

«መቼ አወቅሽ?»

«ቅድም።»

«ልትደብቂኝ ነበር?»

«አዎ።»

ሚሚ የክኒን መጭመቂያውን ወደ ራሷ ሳበችና ዱቄቱን መመዘን ጀመረች።

«ክኒንሽ ሶዳ አንሶታል» አለች፣ ቀና ሳትል። «መጭመቂያው እስከ አስር ሰዓት የኔ ነው። ከዚያ ትወስጂዋለሽ።»

ፕሮፌ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየች፤ ቤተ ሙከራው አስር ተኩል ላይ ይዘጋል።

ሚሚም ሰዓቱን አየች።

«እሺ፣ እስከ ዘጠኝ» አለች።